ለፋሲካ 30 ሳሶ አውራ ዶሮ በቤት አርዶ ማስረከብ፦ ውሃው፣ ቆዳው፣ በረዶው

ጠያቂ፦ ቄብ ዘሰንዳፋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰንዳፋ ላይ ሳሶ የሚባለው ዝርያ 30 አውራ ዶሮዎች አሉኝ። ለፋሲካ 14 ሳምንት ይሞላቸዋል፤ በአማካይ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ይመዝናሉ። ደንበኞቹ አዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦች ናቸው። የሚፈልጉት የቁም ዶሮ ሳይሆን ታርዶ፣ ላባው ወጥቶ፣ የሆድ ዕቃው ተጣርቶ ነው። አሥራ ሁለቱ ደንበኞች ለወጥ ተበልቶ፣ የቀሩት ሙሉውን ብለዋል።

ስቅለት ቢላ አይነሳም፤ ስለዚህ ሁሉም ቅዳም ሥዑር ጠዋት አልቆ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አዲስ አበባ መድረስ አለበት። እኔ ሴት ስለሆንኩ የሚያርድ ጎረቤት አለ፤ ሁለት ልጆች ላባ ይነቅላሉ፣ የሆድ ዕቃውን እኔ እይዛለሁ። ያለን ዕቃ የማገዶ ምድጃ፣ ሁለት ትልልቅ የአልሙኒየም ድስት፣ የውሃ በርሜልና አንድ ፍሪዘር ነው።

ለሙከራ ሦስት ታርደው የሁለቱ የደረት ቆዳ ከላባው ጋር ተላጠ። የሦስተኛው ደግሞ የክንፍ ላባ እምቢ አለ። አንዱ ላይ ሐሞት ፈሰሰ። ጥያቄዎቼ፦ ቴርሞሜትር ሳይኖር የውሃው ሙቀት በምን ይታወቃል? መኖ በስንት ሰዓት ይነሳ? በረዶ ስንት ኪሎ ያስፈልጋል? ዋጋውስ ከቁም ዶሮ ዋጋ ተነስቶ እንዴት ይሰላል?


መልስ፦ ምድጃና ቢላ

እህቴ፣ ቆዳው የተላጠውም ላባው እምቢ ያለውም በአንድ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፈልቶ ገና የወረደ ውሃ ውስጥ ገቡ፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ውሃው በርዶ ነበር።

ልኩ ከ60 እስከ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የወጣት አውራ ጊዜው ከ45 እስከ 60 ሰከንድ። ከ65 ካለፈ ቆዳው መብሰል ይጀምራል፣ ደረቱ ላይ ነጣ ነጣ ያለ የተቀቀለ ሥጋ መስሎ ይታያል፣ ላባውን ስትስቢ ቆዳው ተከትሎ ይመጣል። ከ58 በታች ደግሞ የክንፍና የጭራ ላባ አይለቅም። ልጆቹ በጉልበት ሲጎትቱት ያኔም ቆዳ ይቀደዳል። ስለዚህ ቆዳ ሲቀደድ ብቻ አይተሽ «ውሃው ሞቀ» አትበዪ፤ ላባው ቀሎ ወጥቶ ከሆነ ሞቋል፣ ታግሎ ከሆነ በርዷል።

ቴርሞሜትር ከሌለ መለካት የሚቻለው በጆግ ነው። ሰንዳፋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ ውሃ እዚያ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ነው። ጠዋት ከበርሜል የሚቀዳው ወደ 15 ዲግሪ ይሆናል። 3 እጅ የሚንተከተክ ውሃ በ2 እጅ ቀዝቃዛ ሲበረዝ 61 ዲግሪ አካባቢ ያርፋል። በ1 ሊትር ጆግ 12 የፈላ፣ 8 ቀዝቃዛ፤ 20 ሊትር ሆነ ማለት ነው፣ ለአንድ ዶሮ ይበቃል። ከመቀላቀልሽ በፊት ድስቱን በትንሽ ሙቅ ውሃ አለቅልቂው፤ የቀዘቀዘ አልሙኒየም ብቻውን ሙቀት ይበላል። አንዱ ድስት ሁልጊዜ እሳት ላይ እየፈላ ይቆይ፣ ሌላው መንከሪያ ይሁን። ሁለት ዶሮ በተነከረ ቁጥር 2 ጆግ አውጥተሽ 2 ጆግ የፈላ ጨምሪ። 10 ዶሮ ካለፈ በኋላ ውሃው ኩስና ደም ስለሚሆን ሙሉውን ድፊውና እንደገና ቀላቅይ።

አነካከሩም ራሱን የቻለ ነገር ነው። እግሩን ይዘሽ በራሱ በኩል አስገቢው፣ ከዚያ ዝም ብለሽ አታስቀምጪው፤ ወደ ላይና ወደ ታች አመላልሺው። የሳሶ ላባ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውሃው ከሥሩ የሚደርሰው ላባው ወደ ኋላ ሲገለበጥ ነው። 40 ሰከንድ ላይ አውጥተሽ ሁለት ነገር ፈትሺ፦ አንድ ትልቅ የጭራ ላባ በሁለት ጣት ሳብ ሲደረግ ከቅቤ እንደሚወጣ ፀጉር ሸርተት ማለት አለበት፤ የእግሩ ቢጫ ቅርፊት ደግሞ በአውራ ጣት ሲታሽ እንደ ጓንት መውለቅ አለበት። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ 10 ሰከንድ ጨምሪ። እንደወጣ የክንፍና የጭራው ትልልቅ ላባ ይቅደም፣ ሲበርድ መጀመሪያ የሚጠብቀው እሱ ነውና። ደረቱ ላይ በአንድ እጅ ቆዳውን ወጠር አድርጎ ይዞ፣ በሌላው ጥቂት ጥቂቱን ላባው በበቀለበት አቅጣጫ መንቀል ነው። በጭብጥ ሙሉ መጎተት የደረቱን ቆዳ ይቀድዳል።

ወደ ደሙ ልመለስ። ዶሮ ታርዶ መሬት ላይ ሲለቀቅ ወይም ሳፋ ሲደፋበት እየተወራጨ ክንፉን ይሰብራል፤ ክንፉ ጫፍና ጭኑ ላይ ደም ይቋጥራል። ደንበኛ ያን ቀይ ነጥብ ሲያይ «የታመመ ነው» ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የ5 ሊትር ዘይት ጀሪካን ታቹን ቆርጠሽ አውጪ፤ በአፉ በኩል ራስና አንገት እንዲያልፍ 9 ሴንቲሜትር ያህል አስፊው፤ ገልብጠሽ ወገብ ከፍታ ላይ ከእንጨት ጋር በሚስማር ምቺው። ዶሮው በራሱ ሲገባ ክንፉ ይያዛል፣ ጸጥ ይላል። ለ2 ኪሎ አውራ 5 ሊትሩ ልክ ነው፤ ከ3 ኪሎ በላይ ለሆነ 10 ሊትሩ ይሻላል። አራቱን ደርድሪ። ቢላው ከመንጋጋው ሥር ሁለቱንም የአንገት ደም ሥሮች መቁረጥ አለበት፤ አንዱ ብቻ ከተቆረጠ ደሙ በደንብ አይወጣም፣ አንገቱም ይጠቁራል። ቢያንስ 2 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ፤ ትንፋሹ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ውሃ ውስጥ እንዳይገባ፣ የቆሸሸውን ውሃ ወደ ሳንባው ይስበዋል።

ሠላሳውን ባንዴ አታሳርጂ። አራት አራት እያደረግሽ። ታርዶ ወረፋ የሚጠብቅ ዶሮ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ላባውም ይጠብቃል።

በ14 ሳምንት አዲስ የሚበቅል ላባ እሾክ እሾክ ብሎ ሊቀር ይችላል። በቢላው ጀርባና በአውራ ጣት መካከል ይዞ መንቀል፣ ጸጉሩን በቡታጋዝ ወይም በስፒሪት ነበልባል መለብለብ። ላምባ፣ ፌስታልና ጋዜጣ ግን በፍጹም፤ ሽታው ቆዳው ላይ ይቀራል፣ የትኛውም ቁሌት አያስለቅቀውም።


መልስ፦ የዶሮ ሐኪም

ስለ መኖው። ከመታረዱ በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሆዱ ባዶ መሆን አለበት፤ ውሃ እስከ መጨረሻው ይኑር። ብዙ ሰው «ከበዛ ይሻላል» ብሎ ቀኑን ሙሉ ያስርበዋል፤ ስህተት ነው። ከ14 ሰዓት ሲያልፍ አንጀቱ ይሳሳና ሲነካ ይበጠሳል፣ ሐሞቱ ደግሞ ይሞላል። በሙከራው የፈሰሰው ሐሞት ምናልባት በዚህ ነው።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ፦ ዶሮ በጨለማ አይበላም። ቤቱ መብራት ከሌለው መኖውን ባታነሺውም ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ጾሟል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ማረድ ስትጀምሪ 11 ሰዓት ሞልቶታል፣ ጠዋት 4 ሰዓት የሚታረደው የመጨረሻው 16 ሰዓት ይሆነዋል። ስለዚህ ዓርብ ማታ ለሁለት ክፈያቸው። የመጀመሪያዎቹ 15 መኖ በ2 ሰዓት ይነሳባቸው፤ ሌሎቹ 15 አምፖል እየበራላቸው እስከ 4 ሰዓት ይብሉ። መኖ የተነሳበት ዶሮ የወለሉን ገለባና ሰጋቱራ ይለቅማል፤ ስለዚህ ወደ ቅርጫት ወይም ወደ ርብራብ ወለል ይዛወር።

የሆድ ዕቃው አወጣጥ፦ እግሩን መገጣጠሚያው ላይ ቁረጪ፣ አጥንቱን አትምቺ። የአንገቱን ቆዳ ከጀርባ በኩል ቅደጂና እህል የሚጠራቀምበትን ከረጢትና የትንፋሽ ቧንቧውን በጣት ከቆዳው አላቅቂ፤ ይህ ካልተላቀቀ በኋላ ከሆድ በኩል ስትስቢ ከረጢቱ ይቀደዳል። ጭራው ላይ ያለችውን የቅባት እጢ ከሥሯ ቆርጠሽ ጣይ፣ ወጥ ታሸታለች። ከዚያ በጀርባው አስተኚው። በደረት አጥንቱ ጫፍና በኩስ መውጫው መካከል ያለውን ቆዳ በጣት ቆንጥጠሽ ወደ ላይ አንሺና 5 ሴንቲሜትር ያህል አግድም፣ ቆዳውንና ስቡን ብቻ ቁረጪ። ቢላው ጠልቆ ከገባ የሚያገኘው አንጀት ነው። ሌባ ጣትሽን አስገብተሽ አንጀቱን ወደ ታች እየከለልሽ በኩስ መውጫው ዙሪያ ቁረጪ። እጅሽ ከደረት አጥንቱ ሥር ተንሸራቶ ጨጓራውን አልፎ ልቡ ጋ ሲደርስ ጣቶችሽን አጥፈሽ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ሳቢ። ጨጓራውን ብቻ ይዞ መሳብ ጉበቱን ይቀድና ሐሞት ያፈሳል።

ሐሞቱ ከጉበቱ ሥር የተለጠፈ ጥቁር አረንጓዴ ከረጢት ነው። በጣት አትላጪው፤ ከጉበቱ ቅንጣት ጨምረሽ በቢላ ቁረጪ። ከፈሰሰ ወዲያው በሚወርድ ውሃ እጠቢ፣ አረንጓዴ የሆነውን ሥጋ ቆርጠሽ ጣይ፤ ሎሚ ምሬቱን አያወጣውም። ሳንባው ጎድኖቹ መካከል ተጣብቆ ይቀራል፣ በጥፍር ፈልቅቀሽ አውጪው። አውራ ስለሆኑ ጀርባቸው ላይ ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት ነጫጭ የዘር ፍሬዎች አሉ፤ እነሱም ይውጡ። መፍጫ ጨጓራውን ሰንጥቀሽ ጠጠሩን ካጠብሽ በኋላ ቢጫውን ሽፋን ላጪ።

እጅሽ ሲሠራ ዓይንሽ ጉበቱ ላይ ይሁን። ጤነኛ ጉበት ጥቁር ቀይ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ ስል ነው። ነጫጭ ነጠብጣብ ካለው፣ ወይም ጉበቱና ልቡ ላይ እንደ አይብ የረጋ ቢጫ መግል ካለ ዶሮው ሙሉ በሙሉ ይቀበር፤ ለሽያጭም ለውሻም አይሆንም። ሆዱ ሲከፈት ቢጫ ውሃ ከፈሰሰ ግን የግድ ተላላፊ በሽታ አይደለም። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ልብና ሳንባው የሚደክምበት ዶሮ አለ፣ በተለይ ፈጣን የሥጋ ዝርያ። ቢሆንም ለደንበኛ አይሰጥም። ያቅለሸለሸ፣ አንገቱ የተጣመመ ወይም አረንጓዴ የሚያስቀምጥ ዶሮ ካየሽ ፈንግል (ተላላፊው የዶሮ በሽታ) ሊሆን ይችላል፤ ማረዱን አቁመሽ ሐኪም ጥሪ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ሌላ መድኃኒት ወስደው ከሆነ መለያው ላይ የተጻፈው የመታገሻ ቀን (መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ የሚጠበቀው ጊዜ) ሳያልቅ አይታረዱ።


መልስ፦ ከቆላው

ሰሌዳውን የሚያነብ የቆላ ሰው እንዳይሳሳት ልጨምር። 3 ለ2 ለሰንዳፋና ለአዲስ አበባ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ነው፤ ውሃ የሚፈላው 96 ላይ፣ የቧንቧው ውሃ 26 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ 3 ለ2 ቢቀላቀል 68 ይሆናል፣ ቆዳው ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ለድሬ እኩል በእኩል፣ 10 ጆግ የፈላ በ10 ጆግ ቀዝቃዛ ነው፤ 61 ይሰጣል። ሐዋሳና ባሕር ዳር መካከል ላይ ናቸው።

ያረጁ የእንቁላል ዶሮዎች፣ ቦቫንስም ሎማንም፣ 63 ላይ ከ75 እስከ 90 ሰከንድ ይፈልጋሉ። የ45 ቀን ብሮይለር (ፈጣኑ የሥጋ ዶሮ) ደግሞ ቆዳው ስስ ነው፤ 58 ላይ 45 ሰከንድ ይበቃዋል።

ክርስቲያንም ሙስሊምም ደንበኛ ላለው፦ አራጁ የየራሱ ይሁን፣ ዶሮውም ከጀሪካኑ ሳይወጣ እግሩ ላይ የቀለም ክር ይታሰር፤ መንከሪያውና በረዶውም የተለያየ ይሁን። ላባው ከወጣ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም፣ ደንበኛው ደግሞ የሚገዛው ቃልህን ነው።


ጠያቂ፦ ቄብ ዘሰንዳፋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ የጆጉ ነገር ገላገለኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለዶሮ ወጥ የሚሠሩት ደንበኞች ቆዳውን ገፈው ነው የሚጥሉት። ታዲያ የእነሱን አሥራ ሁለት ላባ መንቀል ለምን አስፈለገ?


መልስ፦ ባለ በረዶ

አያስፈልግም። የአሥራ ሁለቱን ሳትነክሪ ግፈፊ። ደሙ ሲያልቅ በእግሩ ሰቅለሽ፣ ከጭኑ ውስጠኛ ጎን ቆዳውን ሰንጥቀሽ እንደ በግ ወደ ታች ገልብጪው፤ የለመደ እጅ በ4 ደቂቃ ይጨርሳል። የክንፉ ጫፍ አስቸጋሪ ስለሆነ የመጨረሻውን አንጓ ከነላባው ቆርጠሽ ጣይ። ጉዳቱ ሁለት ነው፦ የላባ ብናኝ እርጥብ ሥጋ ላይ ይለጠፋል፣ ስለዚህ ላባውን የነካው እጅ ሥጋውን እንዳይነካ። ቆዳ የሌለው ሥጋ ደግሞ አየር ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ እንደታጠበ በከረጢት ይግባ።

ይህ ጊዜሽንም ያድናል። 30 ዶሮ ከንጋት 11 እስከ ጠዋት 4 ሰዓት ማለት በሰዓት 6 ዶሮ ነው። ሁለቱ ልጆች አንዱን በ8 ደቂቃ ቢነቅሉ በሰዓት 15 ያደርሳሉ፤ አንቺ ግን ብቻሽን የሆድ ዕቃ ስታወጪ ከ6 አታልፊም። ሥራው የሚታነቀው አንቺ ጋ ነው። አንዱን ልጅ ከላባ አንስተሽ እግር፣ አንገትና የቅባት እጢ እየቆረጠ እንዲያቀብልሽ አድርጊ። አራጁ ደግሞ በመሃል መግፈፉንና መበለቱን ይያዝ።

በረዶ። ከ30 ዶሮ 45 ኪሎ ያህል ሥጋ ይወጣል። ከ38 ዲግሪ ወደ 4 በቀጥታ ለማውረድ፣ ከነማቀዝቀዣው ውሃ 25 ኪሎ በረዶ ይበላል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት በበርሜሉ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢቆይ ወደ 18 ኪሎ ይወርዳል፤ የሰንዳፋ ጠዋት ብርድ እዚህ ላይ ገንዘብ ነው። 18 ኪሎ ማለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ 9 ነው። አፉ ድረስ አትሙያቸው፣ ሲረጋ ይፈነዳል። ፍሪዘሩ በአንድ ሌሊት ዘጠኙን ላያረጋ ስለሚችል ከረቡዕ ጀምረሽ ሦስት ሦስት አስገቢ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ደግሞ ሁለት ትርፍ ይኑር። በጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ ሥጋው መካከል ማስቀመጥ ዝግ ያለ ነው፤ ፕላስቲኩን ቀደሽ በረዶውን በንጹሕ ከረጢት አድርገሽ በመዶሻ ሰባብሪው። ሥጋው በበረዶ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ተሰቅሎ ይንጠፍጠፍ። ሳይንጠፈጠፍ ከታሸገ ከረጢቱ ውስጥ ደም የቀላቀለ ውሃ ይጠራቀማል። ለመንገዱ አይስ ቦክስ፣ ከሌለ ክዳን ያለው ባልዲ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፤ ለዚህ ግን ሦስት የማይሰበሩ ጠርሙሶች ጨምረሽ ፍሪዘር ውስጥ አርጊ።

ወጥ የሚሠሩት ያንኑ ማታ ስለሚጥዱት ሥጋው ማረፍ አያስፈልገውም። ሙሉውን ወስደው ለሚጠብሱት ግን ንገሪያቸው፦ ፍሪጅ ውስጥ 8 ሰዓት ይደር፣ ወዲያው ፍሪዘር ከገባ ይጠነክራል።

አበላለቱ፦ ጭን 2፣ ቅልጥም 2፣ ክንፍ 2፣ ደረት ፈረሰኛውን ጨምሮ 2፣ ጎድን 2፣ ጀርባ 1፣ አንገት 1። ከቤት ቤት ትንሽ ይለያያል፤ ቀድመሽ ጠይቂ። ቢላው በመገጣጠሚያው ይሂድ። በመጥረቢያ የተመታ አጥንት ስንጣሪው ወጡ ውስጥ ይገባል፣ ለልጅ ጉሮሮ አደገኛ ነው። መፍጫውና ጉበቱ በትንሽ ከረጢት ለብቻ ይሁን።

ዋጋ። 2.2 ኪሎ ቁም ዶሮ ከነቆዳው 1.5 ኪሎ፣ ተገፎ 1.35 ኪሎ ይወጣዋል። የአንድ ኪሎ የቁም ዋጋን ለ0.68 አካፍዪ፣ ለተገፈፈው ለ0.61። የወጣውን የኪሎ ዋጋ በዶሮው የሥጋ ኪሎ አባዢው፤ እዚያ ላይ የአራጅ፣ የልጆቹ፣ የማገዶ፣ የከረጢትና የመኪና ወጪ ለ30 ተካፍሎ ይጨመር። ብዙ ሰው የሚከስረው በቁም ሚዛን ተስማምቶ በሥጋ ሚዛን ሲያስረክብ ነው፤ በየትኛው ሚዛን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጠረጴዛና ቢላ በሳሙና ከታጠበ በኋላ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና በ1 ሊትር ውሃ፤ ሥጋው ላይ ግን አይፈስም። በሎሚና በጨው ማጠብ ሽታ ያነሳል እንጂ ሳልሞኔላን (ሆድ የሚያሳምመውን የጥሬ ዶሮ ጀርም) አይገድልም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ጥሬ ዶሮ የተበለተበት መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት።


ጠያቂ፦ ቄብ ዘሰንዳፋ

ደሙና ላባውስ? ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አለ።


መልስ፦ የዶሮ ሐኪም

ከ30 ዶሮ ደም፣ ላባና አንጀት 20 ኪሎ ያህል ይወጣል። ከውሃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ራቅ ብለሽ፣ ቁልቁለት ከሆነ በታች በኩል፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ዓርብ ሳይመሽ ይቆፈር። በየመሃሉ አመድ ወይም ኖራ ነስንሺ፤ ላዩ ላይ 60 ሴንቲሜትር አፈር ተጠቅጥቆ ይመለስ፣ ካነሰ ውሻና ጅብ ያወጣዋል። የመንከሪያው ውሃም ወደዚያው ይፍሰስ፣ ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት።